ስለ አበባ ዝንጣፊና ስለ ጠያቂዎቹ

ጎረቤት ከጎረቤት የሚለምነው ነገር ብዙ ነው፤ እሳት አለ፣ እርሾ አለ፣ ወንፊት አለ፣ ድግስ ሲመጣ ደግሞ ጎላና አግዳሚ ወንበር አለ። እነዚህ ሁሉ የየራሳቸው ወግና የመመለሻ ቀን አላቸው፤ ወንፊቱ ተቀዶም ቢሆን ይመለሳል፤ ጎላውም ጥላሸቱ ሳይለቅ ወደ ባለቤቱ ይገባል። የአበባ ዝንጣፊ ብቻ ነው፣ የመመለሱ ነገር በለማኙም በተለማኙም ልብ ሳይታሰብ፣ ከአንዱ አጥር ወደ ሌላው አጥር ሲሻገር የሚኖረው። ስለዚህ የሰውን ጠባይ መመርመር የሚወድ ሰው ወደ ችሎት ወይም ወደ ገበያ መውጣት አያስፈልገውም፤ ቡጋንቪሊያ ካበበችበት አጥር ሥር ጥቂት ቆሞ፣ ጠያቂው እንዴት እንደሚጠይቅና ባለቤቱ እንዴት እንደሚመልስ ቢያዳምጥ ይበቃዋል።

ጠያቂዎቹ በሦስት ማዕርግ ይከፈላሉ። በመጀመሪያው ማዕርግ ያሉት ነገርን ሳያዞሩ የሚናገሩ፣ በሩን እንዳንኳኩ «እስቲ ከዚች አበባ አንድ ዝንጣፊ» የሚሉ ቅን ሰዎች ናቸው፤ እነዚህን እሺ ለማለትም እምቢ ለማለትም ቀላል ነው። በሁለተኛው ማዕርግ ያሉት አወዳሾቹ ናቸው፤ እነዚህ ስለ ጤና፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ዝናቡ መዘግየትና ስለ ጤፍ ዋጋ በየተራ ከጠየቁ በኋላ፣ ዓይናቸውን ወደ አጥሩ አንሥተው «ወይ ማማር! ወይ የፈጣሪ ሥራ!» ይሉና ዝም ይላሉ፤ ዝምታውም እየረዘመ ይሄድና ባለቤቱ ራሱ አፍሮ መቀሱን እስኪያመጣ ድረስ አይቋረጥም። ሦስተኛው ማዕርግ የባሕታውያን ማዕርግ ነው፤ እነዚህ ማንንም አይለምኑም፣ ማንንም አያስቸግሩም፤ ጀንበር ካዘቀዘቀች በኋላ በአጥሩ ሥር ሲያልፉ ጃንጥላቸው ከቅርንጫፉ ጋር ጥቂት ይነጋገራል። ሥራቸውን ሰው ባያውቅባቸው ቡጋንቪሊያዋ ታውቅባቸዋለች፤ እሾኋ የዋዛ አይደለምና፣ በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን ደርሰው መስቀል ሲሳለሙ በእጃቸው ጀርባ ላይ ያለው ጭረት ይመሰክርባቸዋል።

የሚያስደንቀው ግን ሦስቱም ማዕርጋት የሚሰማሩት በአንድ ወራት መሆኑ ነው። መስከረም 26 ቀን ዘመነ ጽጌ ይገባና እስከ ኅዳር 5 ቀን ድረስ ካህናቱ ማኅሌት ሲቆሙ፣ ምእመናኑ ደግሞ በየአጥሩ ሥር ይቆማሉ። አበባ ዓይንን የሚማርከው ባበበ ጊዜ ነውና ይህ የሚያስነቅፍ አይደለም፤ ዳሩ ግን ያበበ ቅርንጫፍ ያለውን ስንቅ ሁሉ ለጌጡ ያወጣ ስለሆነ፣ ከእናቱ ተለይቶ አፈር ሲገባ ሥር የሚያበጅበት ጉልበት ያጥረዋል። በዚህም ላይ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናትና፣ የጥቅምትና የኅዳር ሌሊቷ ለቆላ ተወላጅ አይመችም፤ አዲስ ሥር የሚወደው የሞቀ አፈር ነው። የድሬዳዋ ሰው ስለ ብርድ ሳይጨነቅ ይተክል ይሆናል፤ የአዲስ አበባ ሰው ግን በሚያዝያና በግንቦት፣ አፈሩ ሞቆ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ አበባ ያልያዘውን፣ የእርሳስ ውፍረት ያለውን፣ እንደ ጫፉ ያልለጋውን እንደ ግርጌውም ያላረጀውን ዘንግ መርጦ መቁረጥ ይገባዋል። ነገር ግን በግንቦት ዝንጣፊ የሚለምን ማን ታየ? ዘንጉን በግንቦት ሲሰጡት «ይህ እንጨት ምን ያደርግልኛል?» ብሎ የሚሄደው ሰው፣ በጥቅምት ያበበውን ለመቀበል ሁለት እጁን ዘርግቶ ይመለሳል።

የአተካከሉ ጥበብ ራሱ ረጅም አይደለም፤ የሚረዝመው ትዕግሥቱ ነው። ዘንጉ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ግርጌው ከአንጓ በታች በሰያፍ፣ አናቱ ደግሞ ከአንጓ በላይ ቀጥ ተደርጎ ይቆረጣል፤ ይህም ቅጠሉ የተለቀመ ዘንግ ላይና ታቹ ስለማይታወቅ፣ አናቱን ወደ ምድር፣ እግሩን ወደ ሰማይ አድርገው እንዳይተክሉት ምልክት ይሆናል። የመገልበጡ ጉዳት ምን እንደሆነ ሊቃውንተ ዕፀዋት ደርሰውበታል፤ ከጫፍ እምቡጥና ከለጋ ቅጠል የሚመነጭ፣ ኦክሲን የሚሉት ንጥረ ነገር አለ፤ ሆላንዳዊው ፍሪትስ ቬንት እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ዓመታት ከአጃ ቡቃያ ጫፍ እየሰበሰበ ሥራውን መርምሮ ያስረዳው ይህን ነው። ኦክሲን በዘንግ ውስጥ የሚጓዘው ከአናት ወደ ግርጌ ነው፤ ወርዶ ወርዶ ከተቆረጠው ቦታ ሲደርስ መንገዱ ያልቅበትና እዚያው ይከማቻል፤ በተከማቸበትም ቦታ ሥር እንዲወጣ ያዝዛል። እንግዲህ ዘንጉን ገልብጠው ሲተክሉት፣ ትእዛዙ በላይ አፈሩ በታች ሆነው ሳይገናኙ ይቀራሉ።

የታችኛው ቅጠል ሁሉ ይለቀማል፤ ከላይ ሁለት ወይም ሦስት ቅጠል ይቀራል፤ ቅጠሉም የሂቢስከስን ያህል ሰፊ ከሆነ በመቀስ እኩሌታው ይነሣለታል፤ ሥር የሌለው ፍጥረት እንደ ልቡ መጠጣት ሳይችል በቅጠሉ ማላቡን አይተውምና። የሚተከልበት የታጠበ የወንዝ አሸዋ ይሁን፤ ፍግ ለአደገ ተክል ምግብ ነው፤ ገና ቁስሉ ላልደረቀ ዘንግ ግን የብስባሴ ምክንያት ነው። ከዚያም ሃይላንድ የምንለውን የውኃ ፕላስቲክ ወገቡን ቆርጠው ይደፉበትና ከጥላ ሥር ያኖሩታል። በጧት ጎንበስ ብለው ሲመለከቱት የፕላስቲኩ ውስጥ በጤዛ ተሸፍኖ፣ አንዲት ጠብታ ከጣሪያው ተነሥታ በግድግዳው ስትንሸራተትና ወደ አሸዋው ስትመለስ ያያሉ፤ ዘንጉ ያላበውን መልሶ ይጠጣል ማለት ነው። ፍራንጂፓኒ የሚባለው፣ ሲቆርጡት ነጭ ወተት የሚያፈስሰው ደግሞ የተለየ ሕግ አለው፤ እርሱን ከጥላ አስቀምጠው ሳምንት ያህል ወተቱ እስኪደርቅና ቁስሉ እስኪጠግግ መጠበቅ ይገባል፤ በተቆረጠበት ቀን የሚተክለውን ቸኳይ ከግርጌው በመበስበስ ይቀጣዋል።

ከዚህ በኋላ ያለው ጊዜ የፈተና ጊዜ ነው። ሂቢስከስ ከአንድ ወር እስከ ሁለት ወር፣ ቡጋንቪሊያ ግን ሁለት ወርና ከዚያም በላይ ልታስጠብቅ ትችላለች፤ በዚህም መካከል ሁለት ፈተናዎች ይነሣሉ። የመጀመሪያው የቅጠል ፈተና ነው፤ ዘንጉ በተተከለ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት አረንጓዴ እምቡጥ ያወጣና ባለቤቱ «ጸደቀ!» ብሎ ለሰፈሩ ያውጃል። ነገር ግን ይህ ቅጠል ብዙ ጊዜ ከሥር የመጣ ሳይሆን በግንዱ ውስጥ ከተቀመጠው ስንቅ የወጣ ነው፤ ዘንጉም በብድር ድግስ እንደሚደግስ ሰው፣ ያለ ገቢ ያማረ ሰሞን አሳልፎ በድንገት ይጠወልጋል። ሁለተኛው የመርማሪነት ፈተና ነው። በየጧቱ ዘንጉን በሁለት ጣቱ ይዞ፣ ሥር አውጥቶ እንደሆነ ቀስ ብሎ ነቅሎ ተመልክቶ፣ ቀስ ብሎ መልሶ የሚተክል ሰው በየሰፈሩ አለ፤ የቡጋንቪሊያ ሥር ደግሞ ሲጀምር ከክር የቀጠነና በትንሽ ነገር የሚበጠስ ነውና፣ ይህ ሰው ትናንት የበቀለውን ዛሬ እየቆረጠ ነገ እንዲበቅል ይጠብቃል። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል የተባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

ቡጋንቪሊያን ካነሣን ዘንድ የትውልዷንም ነገር ሳያነሡ ማለፍ ደግ አይደለም። ፈረንሳዊው የባሕር አዛዥ ሉዊ አንትዋን ደ ቡጋንቪል ዓለምን ለመዞር በተነሣበት ጉዞ፣ እ.ኤ.አ. በ1767 ዓ.ም. መርከቦቹ ሪዮ ዴ ጃኔሮ ሲደርሱ፣ ፊሊበር ኮሜርሶን የተባለው የዕፀዋት ሊቅ ይህችን ተክል ሰብስቦ በአዛዡ ስም ጠራት። ከሊቁ ጋር ዕፀዋቱን የምትለቅም፣ ሸክሙንም የምትሸከም ረዳት ነበረች፤ በመርከብ ላይ ሴት እንዳትሳፈር ክልክል ስለ ነበረ ግን የወንድ ልብስ ለብሳ፣ ስሟንም የወንድ አድርጋ ነበር የተሳፈረችው፤ ዣን ባሬ ትባላለች፤ ዓለምን በመዞርም የመጀመሪያዋ ሴት እርሷ እንደሆነች ይታወቃል። በደከመችበት መስክ ስሙን ያተረፈው አዛዡ ሆነ፤ ተክሏ ግን የባሬን ምሥጢር የምታውቅ ትመስላለች፤ ምክንያቱም እኛ በየአጥሩ ሥር ቆመን የምናደንቀው ሐምራዊና ቀይ ነገር አበባዋ አይደለም፤ ልብስ የለወጠ ቅጠል ነው። እውነተኛው አበባ በሦስቱ ባለ ቀለም ቅጠሎች መካከል የሚገኘው ነጭ፣ ቀጭን፣ ማንም ልብ የማይለው ነገር ነው። የቅኔ ተማሪ ቢጠየቅ ቅጠሉ ሰሙ፣ ያ ትንሹ ነጭ ወርቁ ነው ብሎ ይፈታዋል፤ ዘንጣፊውም ሁሉ እንደ ደካማ የቅኔ አድማጭ በሰሙ ረክቶ ይሄዳል።

ከዚያ ወዲህ ተክሏ ዓለምን የሞላችው ይበልጡን በዝንጣፊ ነው። በሃያኛው መቶ ዓመት መባቻ አንዲት ሴት በኮሎምቢያ፣ በካርታሄና ከተማ፣ በአንድ የአትክልት ቦታ ደማቅ ቀይ የሆነች ቡጋንቪሊያ አግኝታ ወደ ትሪኒዳድ ወሰደች፤ ያቺም ተክል በሴትዮዋ ስም «ሚስስ ባት» ተብላ፣ በቁራጭ በቁራጭ በሞቃት አገሮች ሁሉ ተዳረሰች። ከቁራጭ የሚበቅል ተክል የእናቱ ልጅ አይደለም፤ እናቱ ራሷ ናት፤ ቀለሟ፣ እሾኋ፣ ጠባይዋ ሳይለወጥ በሺህ አጥር ላይ በአንድ ጊዜ ትኖራለች። ዘር ግን አባት ያለበት ነገር ስለሆነ ምን እንደሚወልድ አስቀድሞ አይታወቅም።

የእኛም አባቶች ይህን ጥበብ የተማሩት ከባሕር ማዶ አይደለም። ኮርችን ጉማጅ በጉማጅ ቆርጠው የከብት በረት ሲያጥሩ፣ ቅንጭብን በቦይ ላይ ደርድረው ቅጥር ሲያበጁ፣ ሰንሰልን በድንበር ላይ ሲሰኩ፣ ቆመው የነበሩት እንጨቶች ሥር አውጥተው አጥሩ ራሱ ጫካ ሆኖባቸዋል፤ ኮርቹም እንደ ፍም የቀላ አበባውን ሲያወጣ ማንም «ስጡኝ» ሳይል ለመንገደኛው ሁሉ ያሳያል። ዛሬ ደግሞ ነገሩ ወደ ንግድ ተሻግሮ፣ በቆቃ አካባቢ ካሉ የአበባ እርሻዎች ሥር ያላወጡ ቁራጮች በሣጥን ታሽገው በአውሮፕላን ወደ አውሮፓ ይሄዳሉ፤ ከእነዚህም መካከል ለፈረንጆች ገና በየቤቱ የሚቀመጠው፣ በእኛም ከተማ በየግቢው በታኅሣሥ የሚቀላው ፖይንሴቲያ ይገኝበታል። በዚያ ዓለም ዝንጣፊ የዋዛ ነገር አይደለም፤ አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1930 ዓ.ም. ባወጡት ሕግ አዲስ ዓይነት ተክል ያስገኘ ሰው የባለቤትነት መብት ያገኛል፤ ሕጉም የተጻፈው በዘር ሳይሆን በቁራጭና በመሰለው መንገድ ለሚባዙት ዕፀዋት ነው። እንግዲህ ባለ ጃንጥላው ባሕታዊያችን ዋሽንግተን ተወልዶ ቢሆን ኖሮ፣ የሚጠብቀው ጭረት ሳይሆን ጠበቃ ነበር።

አሁን ወደ ሰፈራችን እንመለስ። በሰፈራችን ትልቁም ትንሹም «እማማ» የሚላቸው አንዲት አሮጊት አሉ፤ በረንዳቸው ላይ የዘይት ቆርቆሮ፣ የወተት ጣሳ፣ የቀለም ባልዲ ተደርድሮ በየአንዳንዱ ውስጥ አንድ ነገር ያብባል። የእማማ የዝንጣፊ ቀኖና ሦስት አንቀጽ አለው። በገንዘብ የተገዛ ዝንጣፊ ያኮርፋል። ተለምኖ የተሰጠ፣ በተለይም «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» የተባለበት፣ አይጸድቅም። የተሰረቀ ግን ይጸድቃል፤ ይህም ባለቤቱ አውቆ እንዳላወቀ፣ አይቶ እንዳላየ ሲሆን ነው።

የተማሩት የሰፈሩ ሰዎች ይህን ሲሰሙ ይስቃሉ፤ እኔ ግን ነገሩን ሳወጣው ሳወርደው እማማ ያለ ምክንያት እንዳልተናገሩ ተረድቻለሁ። የሚሰጥ ሰው ምን እንደሚሰጥ እንመልከት። እንግዳውን ለማክበር ሲል ያማረውን፣ ከጫፍ ያለውን፣ አበባ የተሸከመውን ለጋ ቀንበጥ ይቆርጣል። ተቀባዩም ዝንጣፊውን ጠረጴዛ ላይ አኑሮ ለቡና ይቀመጣል፤ ከአቦል እስከ በረካ ሲጫወት ቅጠሉ ይልማል፤ ቤቱ ሲደርስም ለሰው እንዲታይለት ፀሐይ ከሚመታው ደጃፍ ይተክለዋል፤ በየቀኑም ለጎብኚ ሁሉ እየነካካ ያሳያል። ሌባውስ? ሌባው ለመምረጥ ጊዜ የለውምና፣ በአጥሩ በኩል ወደ ውጭ የወጣውን፣ ዝቅ ያለውን፣ አበባ ያልያዘውንና የጠነከረውን ዘንግ ይሰብራል። ማስረጃውን ለመደበቅ በዚያው ምሽት ሳይውል ሳያድር ይተክላል። የሚተክለውም ከጓሮ፣ ከኩሽና ጀርባ፣ የሰው ዓይን በማያይበት ጥላ ነው፤ እንዳይታወቅበትም ደጋግሞ አይጎበኘውም። በየመጽሐፉ የታዘዘውን ሁሉ ሌባው በፍርሃት ብቻ ፈጽሞታል ማለት ነው።

ከእማማ ፊት ለፊት ደግሞ አንድ ጡረተኛ ሻምበል ይኖራሉ። እርሳቸው በአንድ ቅርንጫፍ ላይ ነጭና ሮዝ አበባ የምታወጣ ቡጋንቪሊያ ነበረቻቸው፤ በሰፈሩም ብቸኛዋ እርሷ ነበረች፤ ብቸኛ እንድትሆንም ይጥሩ ነበር። «ነገር ሲበዛ ክብሩ ይቀንሳል» ይሉና ለማንም አይሰጡም፤ የገረዙትንም ቅርንጫፍ ሁሉ ዘበኛው ወስዶ እንዲያቃጥል ያዙ ነበር። ዘበኛውም ታዛዥ ሰው ነው፤ ነገር ግን ወደሚያቃጥልበት ስፍራ የሚወስደው መንገድ በእማማ ደጅ ያልፋል። በአንድ ክረምት ሻምበል ለተክሏ ፍቅራቸው በዝቶ ፍግ በላይ በላይ ከመሩባት፤ ዝናቡ ሳያንስ በባልዲ ጨመሩባት፤ ቡጋንቪሊያ ደግሞ እግሯ ውኃ ውስጥ መቆምን የምትጠላ ናትና ሥሯ በስብሶ በመስከረም ሞተች። ሻምበልም ኀዘናቸውን እስከ ግንቦት ከቻሉ በኋላ ባርኔጣቸውን አድርገው ወደ እማማ በረንዳ ሄዱ፤ ያቺ ባለ ሁለት ቀለም በአንድ የቀለም ባልዲ ውስጥ ተተክላ፣ አድጋ፣ የበረንዳውን ምሰሶ ይዛ ነበር።

«እትዬ፣ ከዚችው ከእኔዋ…» ብለው ጀመሩ።

«መስጠቱ ምን ይቸግረኛል ሻምበል» አሉ እማማ፤ «የሰጠሁት ግን አይጸድቅልዎም። ነገ በሠርክ እኔ ፊቴን አዙሬ ዳዊቴን ስደግም ይምጡና ይስረቁኝ።»

«እኔ ልስረቅ? ዕድሜዬን ሙሉ አገሬን ያገለገልኩ ሰው?»

«እንግዲያስ ያለ አበባ ይክረሙ።»

በማግስቱ ሻምበል መቀሳቸውን በካፖርታቸው ኪስ ከትተው መጡ፤ ነገር ግን ከልማድ የተነሣ በሩን አንኳኩ። «ሌባ አያንኳኳም» የሚል ድምፅ ከውስጥ መጣ። ገቡና ወዳበበው ቅርንጫፍ ሲዘረጉ፣ እማማ ዓይናቸውን ከዳዊቱ ሳያነሡ፣ ለንባቡ በሚያወጡት ዜማ «ያበበውን ይተዉት፣ ከታች ካለው ይሁን» አሉ። ሻምበል የታዘዙትን ቆርጠው ወደ በሩ ሲመለሱ ግን ያደጉበት ሥርዓት አሸነፋቸውና ባርኔጣቸውን አንሥተው «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አሉ። እማማ ዳዊታቸውን ዘጉ። «አበላሹት! ይመልሱልኝ፤ ይህ ከእንግዲህ ማገዶ ነው። እንደገና ይስረቁ።» ሻምበልም ያንን አስረክበው ሌላ ቆርጠው፣ በዚህ ጊዜ ቃል ሳይተነፍሱ፣ እሮጥ እሮጥ እያሉ ወጡ። እንደ ሌባ መውጣታቸው አሳፍሯቸው ስለ ነበር ዘንጉን ከኩሽናቸው ጀርባ ተከሉት፤ ስለ እርሱም ለማንም አልተናገሩም፤ እርሱም ክረምቱ ሳይወጣ ጸደቀ።

ከዚህ ሁሉ የምረዳው ነገር ቢኖር፣ አበባን ለራስ ከማቆየት መንገዶች ሁሉ የታመነው ለሰው መስጠት መሆኑን ነው። ንፉግ ሰው ያለው አንድ ሥር ብቻ ነው፤ እርሱ የበሰበሰ ቀን ጨርሷል። ቸር ሰው ግን ተክሉን በየጎረቤቱ አደራ ያስቀመጠ ሰው ነው፤ የራሱ ቢሞትበት ባርኔጣውን አድርጎ የሚሄድበት ደጅ አያጣም። ስለዚህ ቡጋንቪሊያም ሆነ ሂቢስከስ ያላችሁ ሰዎች ሁሉ፣ ግንቦት ሲገባ ጠያቂ ሳትጠብቁ ቆርጣችሁ ስጡ፤ ለመስጠት ልባችሁ እምቢ ካለ ደግሞ፣ ቢያንስ ማታ ማታ ውሻችሁን እሰሩ።